ደባል

ሽምብጥ ባለው ቤታችን፣ ከእናቴ ጓዳ ጎን፣
አንዲት ክፍል ነበረች፤ ለአንድ ክረምት ሊሆን
ሙጬ ተከራያት፣ የጀልባ ሞተር አዳሽ፣
እጁ ናፍጣ ናፍጣ የሚል፣ ለጥሪ ፈጥኖ ደራሽ።
«መስከረም ሲጠባ ለቅቄ እሄዳለሁ» አለ።
ሠላሳ አንድ መስከረም ጠባ።
ሙጬ አለ።

እኔ ሐይቁ ዳር ነኝ፣ ከዓሣ ምርምሩ ቤት፤
የጣናን ጠብታ አንጥፌ በቀጭን መስታወት
አረንጓዴ ነቁጥ ስቆጥር የማመሽ።
መብራት የጠፋ ማታ፣
ከስልኬ ባትሪ ጋር እየተሽቀዳደምኩ አነበብኩ፦

ከጨው ባሕር ውስጥ ነው፣ ከእኛ እጅግ ርቆ፣
አንድ አልጌ አለ አሉ፣ ከአቧራ ደቅቆ፣
ከሆዱ ባክቴሪያ፣ እንግዳ ደብቆ።
እንግዳው ባለሙያ ነው፤ አየሩን የሞላውን፣
በሦስት ቁልፍ ተቆልፎ ማንም የማይቀምሰውን
ናይትሮጅን ፈልቅቆ ጉርሻ ያደርገዋል፤
ባለቤቱም በፈንታው ስኳር ይሰጠዋል።
እስከዚህ ውል ነው፤ ኪራይና ቤት።
እንዲህ መስሏቸው ኖሩ ብዙ ዓመት።

ኋላ ግን ሴሉ ለሁለት ሊከፈል ሲዘጋጅ
እንግዳው ቀድሞ ተከፈለ፤ አንድ አንድ ለየልጅ።
ራሱ መሥራት የተወው፣ የረሳው ፕሮቲን
ከባለቤቱ ጓዳ ይመጣለታል
አድራሻ ተጽፎበት፣ እንደ ተማሪ ስንቅ።
መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ኖሯል ይላሉ በዚህ።
«ስለዚህ» አሉ፣ «እንግዳ አይባልም ከእንግዲህ፤
የአካል ክፍል ነው።»

በየትኛው ሌሊት፣ በየትኛው ማለዳ
እንግዳ መሆኑን የተወው እንግዳ?

ያንን አልጻፉም።

ይስማው ደወለ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ከሜጫ፤
ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ድንጋይ መቀመጫ፣
ለአንድ ኩንታል ዩሪያ፣ ከዩኒየኑ በር።
«አየሩ እኮ» አልኩት፣ «ከአምስት አራት እጁ እሱው ነው!»
«በጆንያ ሰፍረሽ ላኪልኛ ታዲያ!» ሳቀ።
ከዚያ ዝግ አለና፣ «ግብጦ ታውቀዋለች።
ከሳ ካለ ማሳ ላይ በትኛት፣ ሥሯ ላይ ትቋጥራለች።»

እውነቱን ነው። ግን የግብጦ እንግዳ
የአንድ ዘመን ነው፤ ዘሯ ይዞት አይወጣም፤
በየዓመቱ ከአፈር ጠርታ ታስገባዋለች፣
ስትነቀል ይበተናል።
ከይስማው ማሳ ጎርፍ ያጠበው ዩሪያ ደግሞ
እዚህ ወርዶ እምቦጭ ያደልባል።
ለእሱ ያነሰው ለእኔ ሐይቅ በዝቷል።

ጠዋት ከጣና ቀዳሁ። የጨው ባሕር ነው ቤቱ፤
እዚህ እንደሌለ አውቃለሁ።
ቀዳሁ ግን። ፈለግሁ።
ታንኳ የመሰለች ዲያቶም
በመስታወቱ ላይ ቀስ ብላ አለፈች።

እናቴ ሐምሌ ላይ ሞተች።
ከድንኳኑ ደጅ ለቀስተኛ የተቀበለ ሙጬ ነው፤
ጆሮውን ሞተር አደንቁሮታል፣
«እግዜር ያጽናችሁ» ሲሉት
«ደኅና፣ እናንተስ?» ይላቸዋል።
የኪራይ ደብተሯን ከሳጥን አወጣን፤
የመጨረሻው መስመር የዘጠና አንድ ጥቅምት ነው።
ከዚያ ባዶ ገጽ።
ጠብ የለ፣ ውል የለ፣
«ተወው» ያለች እንደሆን የሰማ የለ።

ቤቱ ለአራት ሊከፈል የቀበሌው ሰው መጣ፣
ቅጽ ይዞ፣ ባለ ሦስት ዓምድ፤
ባለቤት። ወራሽ። ተከራይ።
ከግድግዳው ማዶ ሙጬ
ካርቡሬተር በቤንዚን ያጥባል፣ ያፏጫል።
«ይህ ሰውዬ ምናችሁ ነው?»
እስክሪብቶው አየር ላይ ቆሟል።

«ኩላሊታችን» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፣ ረዘም ላለ ጊዜ።
እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ፤
ከዓምዶቹ ውጭ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ፣
በእርሳስ፣
«ደባል» ብሎ ጻፈ።